በሩ ላይ ማን ቆሟል?

ሥጋ ሻጩ ቢሻራ ከሐራዙ ዛፍ ሥር መጥቶ ዱካ ላይ ሲቀመጥ፣ ጊስማ የመጣበትን ጉዳይ አፉን ሳይከፍት አወቀችው። ሰውየው ሻይ አይወድም፤ ሆዴን ይነፋኛል ባይ ነው። ያን ቀን ግን ሁለት ብርጭቆ አከታትሎ ጠጣ። ቅርንፉዱን አደነቀ፣ ከሰሉን አደነቀ፣ በራዱን አደነቀ። የሚያደንቀው ነገር ሲያልቅበት ጉሮሮውን ጠረገ።

«አክስቴ ጊስማ፣ ዘፈን አውጪልን።»

«ዘፈን የለኝም።»

«ለጦርነት መሰለሽ እንዴ? ለኳስ እኮ ነው!»

«ለኳስም የለኝም። ሻይ ልድገምህ ወይስ ሆድህ ተነፋ?»

ቢሻራ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ኡም ሐራዝ ከተማ ውስጥ የጊስማን ሻይ ያልቀመሰ የለም፤ ስትዘፍን ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰማት የለም። ቀድሞ ሐካማ ነበረች። ሐካማ ፈራጅ ናት፤ ዳኛ በወረቀት ይፈርዳል፣ እሷ በዜማ። ያሞገሰችው ሰው እስኪሞት ድረስ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። ያዋረደችው ደግሞ ወዮለት! ሚስቱ ራት አታቀርብለትም፣ ሻይ የሚቀዳለት አያገኝም፣ ጦርና ጠመንጃ ከእጁ ይወሰዳል፣ ስሙንም በዚያ ምድር ሁለተኛ የሚጠራው የለም። እንዲህ ላለ ሰው የሚቀርለት ጓዙን ጠቅልሎ መሄድ ብቻ ነው። ጊስማ እስከዚያ ድረስ ሁለት ሰው አዋርዳ ነበር። የሁለቱን ስም ዛሬ ኡም ሐራዝ ሄዳችሁ ብትጠይቁ የሚነግራችሁ አይገኝም፤ እኔም አልነግራችሁም።

ዘፈን ያቆመችው ወዳ አይደለም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከብት ተነድቶ፣ የጦር ከበሮው ነሐስ ተመትቶ፣ ወንዶቹ አደባባይ ሲሰበሰቡ ያወጣችው ዘፈን እንዲህ ይል ነበር፦

አቧራ ተነሣ፣ ከብቱን ነዱት አሉ፤
በሩ ላይ ማን ቆሟል? ወንዶቹ የት አሉ?

ከዚህ ቀጥሎ ነሐሱ ሦስት ጊዜ ይመታል፤ ሦስተኛው ምት ላይ ሐካማዋ አንድ ስም ትጠራለች። የተጠራው ወደፊት ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ መመለስ የሚባል ነገር የለም። ያን ቀን የሰው ልጅ ጠርታ የራሷን ብታስቀር በምን ዓይኗ ሰው ታያለች? የበኩር ልጇን ጠራች። ሙኽታር ወባ ጥሎት ሦስት ቀን ከአልጋ አልወረደም ነበር። ስሙን ሲሰማ ተነሣ፣ ጫማውን አሰረ፣ ሄደ። ከብቱ ተመለሰ፤ ሙኽታር አልተመለሰም። ጊስማ የብር አምባሯን አውልቃ በራድ ገዛችበት፣ ከሐራዙ ሥርም ተቀመጠች።

የቀረላት ሳቢል ነው። አባቱ እሱ ገና በሆዷ ሳለ የሞተ፣ ክንዱ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ የሚመስል፣ ቀልድ የሚወድ ልጅ። የከተማው ክለብ፣ የኑጁም በረኛ ነበር። ጊስማ ኳስን የምትወደው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተሸናፊውም ቤቱ ገብቶ ራቱን ይበላል። ልጇ በእነዚያ ሁለት የግራር ቋሚዎች መሐል እስከቆመ ድረስ ሌላ በር ላይ አይቆምም ብላ ታስብ ነበር። ይህን ሐሳቧን ለማንም አልተናገረችም፤ ፈጣሪ እንዳይሰማባት።

ቢሻራ ሊነሣ ሲል መለስ አለ። «ባለፈው አርብ እነዚያ ጎረቤቶቻችን ቢር ሰሊሞች ሜዳቸው ላይ ምን ብለው እንደዘፈኑብን ሳቢል አልነገረሽም?»

«አልነገረኝም።»

«ተይው እንግዲህ። ልጁ አፍሮ ነው።»

«ተናገር።»

«‹የኡም ሐራዝን በር የሚጠብቀው ሴት ያሳደገው ነው› አሉ። ይኼን እየዘፈኑ ዘጠና ደቂቃ። ከጎሉ ጀርባ ቆመው።»

ጊስማ የያዘችው ብርጭቆ ውስጥ ያለው ስኳር ሳይሟሟ ቆየ። እሷ ላይ ምንም ይዘፍኑ፤ ሻይ ሻጭ ይበሏት፣ ልጇን የቀበረች ይበሏት። ግን አባት በሞት የቀደመውን ልጅ በእናቱ መስደብ! ደሟ ፈላ። ቢሻራ ይህን ሳያውቅ አልመጣም፤ ሥጋ ሻጭ ቢላው የሚገባበትን መገጣጠሚያ ያውቃል።

«ነገ ከሰዓት በኋላ ና» አለችው።

ዘፈኑ የዘላቢያ ሊጥ እስኪቦካ ድረስ አለቀ። ዘጠኝ ዓመት የታፈነ ነገር ለመውጣት ጊዜ አልፈጀበትም። ጊስማ ግን ተጠነቀቀች። ደም የሚል ቃል አላስገባችም፣ ከብት አላስገባችም፣ ጦር አላስገባችም። ዜማው ግን ያው የጥንቱ ነበር፤ ሌላ ዜማ እምቢ አላት።

አቧራ ተነሣ፣ መጡብን እያሉ፤
በሩ ላይ ማን ቆሟል? ወንዶቹ የት አሉ?

ከዚያ ሦስቱ ምት፤ ከዚያም፦

ነፋስ አያሳልፍ፣ እንኳን የቆዳ ኳስ፤
እሱ በሩን ይዞ ማን ቤታችን ሊደርስ!

ቢሻራ በማግስቱ መጥቶ ሲሰማ ጭኑን እየመታ ተከተላት። ከሦስቱ ምት ሲደርስ ቀና ብሎ አያት።

«እዚህ ጋ የማንን ስም ነው የምንለው?»

«የማንንም። ሦስት ጊዜ ምታና እለፍ።»

«ባዶውን?»

«ባዶውን። ስም ካስገባህበት ዘፈኔን እነጥቅሃለሁ።»

ሰው የሚገድለው የተጠራ ስም ነው፤ ያልተጠራ ስም ማንን ይገድላል? የጊስማ ስሌት ይህ ነበር። ሐካማ ሆና ሃያ ዓመት የኖረች ሴት እንዲህ መሳሳቷ ይገርመኛል። ባዶ ወንበር ሰው ሳይቀመጥበት የቆየበት ቤት አይታ ታውቃለች እንዴ?

አርብ ከአስር ሰዓት ሶላት በኋላ ከእህል ገበያው ጀርባ ያለው ሜዳ ጢም ብሎ ሞላ። ጊስማ በራዷን ይዛ ከማዕዘኑ አጠገብ ቦታ ያዘች። ቢሻራና ደጋፊዎቹ ሲገቡ አራት ሆነው በቃሬዛ የተሸከሙትን ስታይ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ነሐሱ ነው። በከተማው ሹም፣ በኡምዳው ቤት የሚቀመጠው፣ ጦር ሲነሣ ወይም ኡምዳ ሲሞት ካልሆነ ደጅ የማይወጣው ትልቁ የነሐስ ከበሮ። ኡምዳው ራሱ የኑጁም ደጋፊ ስለነበረ ‹ለአንድ ቀን ነው› ብሎ ፈቅዶላቸዋል። ሽማግሌዎቹ፣ በከንቱ የተመታ ነሐስ ምክንያቱን ራሱ ፈልጎ ያመጣል ይላሉ። ያን ቀን ግን ሽማግሌዎቹም ሜዳ ነበሩ፤ ከፊት መስመር።

የመጀመሪያ ጊዜ ሲዘፍኑት እንዳዘዘቻቸው አደረጉ። ሦስት ምት፣ ባዶ። ሕዝቡ ሁሉ ደረጃ እንደሳተ ሰው ወደፊት ዘንበል ብሎ ቀረ። ሁለተኛ ጊዜ ከሕዝቡ መሐል አንድ ሰው መታገስ አቅቶት «ሳቢል!» አለ። ሳቁ። ሦስተኛ ጊዜ መቶ ሰው አለው።

ኑጁም አንድ ለዜሮ እየመራ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ዳኛው ለቢር ሰሊም ሪጎሬ ሰጠ። ሳቢል ጓንቱ ላይ እንትፍ ብሎ ቆመ፤ ወደ ግራ ተወረወረ፤ ኳሷን በጣቶቹ ጫፍ ከቋሚው ውጭ አወጣት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ምኑን ልንገራችሁ! ነሐሱ ሦስት ጊዜ ጮኸ፤ ኡም ሐራዝም በአንድ አፍ «ሳቢል!» አለ። ሴቱ እልል አለ፣ አንበጣ እንደሰፈረበት ማሳ ሜዳው በሰው ጠቆረ።

ጊስማ ድምፁን አወቀችው። ሙኽታር የተጠራው በዚሁ ድምፅ ነው። በራዷን አነሣች፣ ብርጭቆዎቿን ሳታጥብ ሰብስባ ወደ ቤቷ ሄደች።

ሳቢል ፀሐይ ሳትገባ ደረሰ፤ አቧራ ለብሶ፣ ጥርሱ ብቻ እየታየ።

«እማ! ሰማሽ? ስሜን ጠሩት!»

«ሰማሁ።»

«ታዲያ ፊትሽ ምነው? አሸነፍን እኮ! ወይስ ለቢር ሰሊም ነው የምትደግፊው?»

«እኔ ስም አላስገባሁበትም።»

«እነሱ አስገቡበታ። ባዶ ቦታ ማን ይወዳል?» ብሎ ገንፎ የመሰለውን አሲዳ በጣቱ ቆርሶ ጎረሰ። በላ፤ ሦስት ሰው የሚበላውን ብቻውን በላ። ጊስማ ሲበላ እያየችው መደሰት አቃታት።

በማግስቱ ሥጋ ቤት ሄደች። «ስሙን ከዘፈኑ አውጡልኝ» አለችው ቢሻራን።

«አክስቴ፣ ምነው? ልጅሽ ነግሦ!»

«ዘፈኔን መልስልኝ።»

«ዘፈኑ አሁን ያንቺ አይደለም፤ የኑጁም ነው። ደግሞስ እኔ ብተው የመኪና ሹፌሩ፣ ውሃ ቀጂው፣ ሙሽራ አጃቢው ይተዋል? ጆሮሽን ጣል አድርጊ።»

ጆሮዋን ጣል አደረገች። ከመንገዱ ማዶ ልብስ የምታጥብ ሴት ታዜመዋለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ።

ያን ዓመት ዘፈኑ ከሰው በላይ ተጓዘ። የኡም ሐራዝ የጭነት መኪኖች በቢር ሰሊም ሲያልፉ ተሳፋሪው የመኪናውን ጎን ሦስት ጊዜ በመዳፉ ይመታል፤ ያ ብቻ ይበቃል፣ ዘፈኑን ማዜም አያስፈልግም። ቢር ሰሊሞች መጀመሪያ ይሳደቡ ነበር። ኋላ ድንጋይ ይወረውሩ ጀመር። ኋላ ደግሞ ዝም አሉ፤ ጊስማን እንቅልፍ የነሣት ይሄ ዝምታቸው ነው። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው።

በጋው በረታ። ከሁለቱ ከተሞች መሐል ያለው የጋራ ጉድጓድ ውሃው ወደ ታች ራቀ፤ ሰልፉ ረዘመ። አንድ ረፋድ ላይ የቢሻራ ታናሽ ወንድም ሬሳው አህያ ላይ በሆዱ ተንጠልጥሎ መጣ። አህያዋን የነዳት ሰው የሆነውን ከሐራዙ ሥር ቆሞ ተናገረ፤ ጊስማም በጆሮዋ ሰማች። ልጁ ከብቱን እያጠጣ ዘፈኑን ያንጎራጉር ነበር። አንድ የቢር ሰሊም ሰው «ተው፣ ዛሬ ሙቀት ነው፣ ተው» አለው። ልጁ ሳቀና ባዶውን ባልዲ በዱላው ሦስት ጊዜ መታው።

ጊስማ እሳቱ ላይ ውሃ ደፋች።

ነሐሱ ከኡምዳው ቤት ወጣ፤ አሁን የጠየቀ የለም። አደባባዩ በጠመንጃና በጦር ተሞላ። ቢሻራ የወንድሙ ደም እጀ ጠባቡ ላይ እንዳለ የነሐሱን መምቻ ዱላ አነሣና፣ እያለቀሰ፣ ሌላ ዘፈን ስለማያውቅ የሚያውቀውን ጀመረ።

አቧራ ተነሣ፣ መጡብን እያሉ፤
በሩ ላይ ማን ቆሟል? ወንዶቹ የት አሉ?

ሦስት ምት።

«ሳቢል!»

ጊስማ ሮጣ ቤት ስትደርስ ሳቢል ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያስራል። የኳስ ጫማው ነው። ክሩ አልገባ ብሎታል። የሙኽታር ጦር ግድግዳው ላይ ከነበረበት ወርዶ አጠገቡ ተኝቷል።

«ቁጭ በል» አለችው።

«ስሜን ጠሩኝ፣ እማ።»

«ጨዋታ ነበር። የጨዋታ ዘፈን ነው።»

«ሙኽታርን ስትጠሪው ቁጭ በል ብለሽዋል?»

ሳቢል የተናገረው ነገር እሱንም አስደነገጠው፤ አንገቱን ደፋ።

«ፈራሁ፣ እማ። ላንቺ ምን ልዋሽሽ። ሰው ወግቼ አላውቅም። ግን ብቀር ምን እንደምባል ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ» አለች ጊስማ። ከእሷ በላይ ማን ያውቃል? ይህን ስትል ነው ነገሩ የታያት።

ጦሩን ይዞ ወጣ። እሷ በጓሮ በኩል ቀድማው አደባባይ ደረሰች። ሴቶቹ ጊስማ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወደ ነሐሱ ስትሄድ ሲያዩ እልልታው ሰማይ ነካ፤ ሐካማዋ ተመለሰች! ቢሻራ እንኳ በእንባው መሐል ፈገግ አለ፣ ቦታ ለቀቀላት። ሳቢል ከሕዝቡ ዳር ብቅ አለ፤ መንገድ ከፈቱለት። ጊስማ መዳፏን ቆዳው ላይ አሳረፈች፣ ንዝረቱ እስኪቆም ጠበቀች። ከዚያ ዓይኗን ከልጇ ላይ ሳትነቅል ዘፈነች፦

በሩ ላይ አትፈልጉት፣ ጓዳ ነው ያለው፤
ሳቢል የጊስማ ልጅ፣ ሴት ያሳደገው!

ሦስት ጊዜ ደገመችው፤ ፍርድ የሚጸናው በሦስት ነው። ድምፅዋ አልተሰበረም። ቢሰበር ኖሮ ፍርዱ ይፈርስ ነበር።

እልልታው ተቆረጠ። አንድ ሰው መጥቶ ጦሩን ከሳቢል እጅ ወሰደ፤ ልጁ አልታገለም። አጠገቡ የነበሩት ፈቀቅ አሉ። እናቱን አያት። ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ እንኳ፣ እዚያ የነበረ ሰው ያንን አስተያየት ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

«አንቺ ነሽ?» አለ። «ቢር ሰሊሞች አልበቁኝም?»

ማንም አልመለሰለትም። ለስም አልባ ሰው መልስ አይሰጥም።

ወንዶቹ በምሥራቅ በኩል ወጡ። ሳቢል ወደ ምዕራብ የሚሄደውን የጭነት መኪና ሊጠብቅ መጣ፤ መኪናው የሚቆመው ደግሞ ከሐራዙ ሥር ነው። ሌላ ጥላ የለም። ጀርባውን ሰጥቷት ተቀመጠ። ሐራዝ ከዝናብ የተጣላ ዛፍ ነው፤ ክረምት ይራቆታል፣ በዚያ በጋ ግን ጥቅጥቅ ብሎ አረንጓዴ ነበር። ጊስማ እሳቱን እንደገና አያያዘች፤ እጇ ሌላ የሚሠራው አልነበረውም። በራዱ ፈላ። ልጁ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመሰም፤ ከንፈሩ ሲደርቅ ከጎን ይታያታል። ብርጭቆ አነሣች። ከቀዳችለት ፍርዱ ፈረሰ፤ ፍርዱ ከፈረሰ ስሙ ይመለሳል፤ ስሙ ከተመለሰ መንገዱ ወደ ምሥራቅ ነው። ብርጭቆውን መልሳ ደፋችው። እንዲህ ሁለት ሰዓት ተቀመጡ። መኪናው ሲመጣ ተሳፈረ፤ ዞር ብሎም አላየ።

ከኡም ሐራዝ አሥራ ዘጠኝ ሰው ሄዶ ሰባት ተመለሰ። ቢሻራ ከሰባቱ ውስጥ አልነበረም። ኋላ ሽማግሌ ገባ፣ ካሳ ተባለ፣ እርቅ ወረደ፤ ጉድጓዱም እንደገና የጋራ ሆነ፤ በውስጡ ያለው ውሃ ያው የበፊቱ ነው።

ኑጁም እንደገና መጫወት የጀመረው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ደጋፊው ሌላ ዘፈን ሞከረ፣ አልያዘለትም፤ ወደዚያው ተመለሰ። ግን ሦስቱ ምት ላይ ሲደርስ የሚጠራ ስም የለም፤ ሐካማ ያዋረደችው ስም አይጠራማ። ሌላ ስም እናስገባ ቢሉ ደግሞ ማን ደፍሮ የራሱን ልጅ ያስገባል? ስለዚህ ነሐስ ሳይሆን ተራ ከበሮ ሦስት ጊዜ ይመታል፣ ሜዳው በሙሉ ትንፋሹን ውጦ ይቆያል፣ ከዚያ ‹ነፋስ አያሳልፍ› ብሎ ይቀጥላል። እንግዳ ደጋፊዎች ለሞተ በረኛ የሚደረግ ክብር ይመስላቸውና ቆባቸውን ያወልቃሉ። የሚያርማቸው የለም።

በቀደም አንድ አርብ ከባሕር ወደብ የተመለሰ የአገሩ ሹፌር ከሐራዙ ሥር ተቀመጠ። ከእህል ገበያው ጀርባ ጨዋታ አለ፤ ዘፈኑ እስከዚያ ይሰማል። ሹፌሩ ሻዩን እየነፋ ግራ ቀኙን አየ።

«ሐጃ፣ ወደቡ ላይ አንድ ሰው አገኘሁ። ስሙን አልጠራልሽም። ክንዱ ረጅም ነው።»

የጊስማ እጅ በራዱ ላይ ቀረ።

«ጫኝና አውራጅ ነው። ሚስት አለችው። አርብ አርብ ለወደቡ ክለብ በረኛ ነው፤ ጥሩ ነው ይላሉ።»

«ሰላም በላት አለህ?»

ሹፌሩ ሻዩን አንዴ ፉት አለ። «አላለኝም። ከኡም ሐራዝ ነኝ ስለው ሰደበሽ።»

«እንዴት አድርጎ?»

«ጮክ ብሎ። ወደቡ ሁሉ ዞሮ አየን። ምነው፣ አጠፋሁ እንዴ?»

ከሜዳው ሦስቱ ምት መጣ፤ ከኋላውም ዝምታው። ጊስማ በዚያ ዝምታ ውስጥ ከንፈሯን አንዴ አንቀሳቀሰች፤ ምን እንዳለች ሹፌሩ አልሰማም።

«ጮክ ብሎ» አለች። ቀስ እያለች ሳቀች፣ እንባዋም አብሮ መጣ። «ትንፋሽ አለው ማለት ነዋ።»

ሁለተኛ ብርጭቆ ቀዳችለት። ስኳር መጨመሯን ረስታ ደግማ ጨመረችበት፤ ሹፌሩ እያየ ጠጣው።